ኒኮላውስ ኦቶና የሞተር ቀለብ

ባለፈው ዓመት ከክፍላችን አሥራ አምስት ተማሪዎች ለጉብኝት ወጥተን ስንመለስ፣ የተሳፈርንበት መኪና ከአንድ ረጅም ዳገት መካከል ሲደርስ ቤንዚን አለቀበትና ቆመ። ሾፌሩ ቸልተኛ ሰው አልነበረም፤ ከመነሣታችን በፊት ሂሳቡን በጣቱ እየቆጠረ ሠርቶት ነበር። ነገር ግን ሂሳቡን የሠራው መኪናው ባዶውን በሜዳ መንገድ ሲሄድ በሚበላው መጠን ነው። እኛ ደግሞ ከነሻንጣችን ነበርን፤ መንገዱም ሜዳ አልነበረም። ጀሪካን ይዞ የሄደው ረዳት እስኪመለስ ድረስ በመንገዱ ዳር በድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ የአንድ ሞተር ቀለብ በእውነት ስንት እንደ ሆነ የሚታወቀው በምን እንደ ሆነ አንድ ጓደኛችን ጠየቀ። በዚያ ሰዓት መልስ የሰጠው አልነበረም፤ ሁላችንም ስለ እራታችን ነበር የምናስበው።

በኋላ ግን ነገሩን በመጻሕፍት ቤት ስንከታተል ሁለት ነገሮች አገኘን፤ ሁለቱም አስደነቁን። የመጀመሪያው ይህ ነው። በአሜሪካ አገር አዲስ መኪና ሲሸጥ በአንድ ጋሎን ቤንዚን ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ የሚገልጽ ወረቀት በመስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ ሕግ ያዛል። ነገር ግን ከነጭነቱ እንዲመዝን የተፈቀደለት ክብደት ከ8,500 ፓውንድ፣ ማለት ከ3,855 ኪሎ ግራም በላይ ለሆነ ፒካፕ ይህ ወረቀት ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ነዳጅ የሚበላውን ከባዱን የቤንዚን ፒካፕ የሚገዛ ሰው፣ ቀለቡን ሳያውቅ ይገዛዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከ150 ዓመት በፊት በጩኸቱ ምክንያት የተናቀ አንድ ሞተር፣ ቀለቡ በሥራ ላይ እያለ ስለ ተለካ ብቻ በፓሪስ ከተማ የወርቅ ሜዳይ እንደ ተሸለመ የሚናገረው ታሪክ ነው። የዚያ ሞተር ባለቤት ኒኮላውስ ኦገስት ኦቶ ይባላል። በዓለም ላይ ያለው የቤንዚን መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከባዱም ፒካፕ ጭምር፣ እርሱ በሠራው በአራት ምት ሥርዓት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእርሱን የሕይወት ታሪክ ልንጽፍ መረጥን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ኦቶ የተወለደው በ1832 ዓ.ም. በጁን ወር፣ በጀርመን አገር ናሳው በሚባለው ግዛት ውስጥ ሆልትስሃውዘን በምትባል ትንሽ መንደር ነው። አባቱ የእንግዳ ማረፊያና የፖስታ ሥራ ነበረው፤ ሆኖም ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ ስለ ሞተ ኦቶን ያሳደገችው እናቱ ናት። በትምህርቱ መልካም ልጅ ነበረ፤ ወደ ከፍተኛ የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት እንዲገባም ታስቦለት ነበር። ነገር ግን በ1848 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሁከት ተነሥቶ ንግዱም ኑሮውም ስለ ተናወጠ፣ እናቱ ልጄ ቶሎ እንጀራ የሚያበላውን ሥራ ይያዝ ብላ ቆረጠች። ስለዚህ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሥራ ተማሪ ሆነ። ከዚያም በፍራንክፈርት፣ ቀጥሎም በኮሎኝ ከተማ በጸሐፊነትና በነጋዴ ተላላኪነት ሠራ። ሻይ፣ ቡና፣ ስኳር፣ ሩዝ የመሳሰለውን ሸቀጥ ናሙና በሻንጣ ይዞ እስከ ሆላንድና እስከ ቤልጅክ ወሰን ድረስ እየዞረ ያስማማ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ፈለግን። እኛ በዚህ ዓመት ለፈተና የምንቀመጥበትን የሙቀትና የጋዝ ትምህርት ኦቶ በክፍል አልተማረውም። የሞተር ነገር ያወቀው ሁሉ በጋሪና በባቡር እየዞረ፣ በማታ ሻማ አብርቶ እያነበበ፣ ከሁሉም ይበልጥ እየሠራና እየሰበረ ነው። ይህን የምንጽፈው ትምህርት አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ኋላ እንደምናየው እርሱ ራሱ ዕድሜውን በሙሉ የተማሩ ሰዎች እርዳታ አስፈልጎታል፤ ከተማሩትም ጋራ ብዙ ተከራክሯል።

በ1858 ዓ.ም. በኮሎኝ በካርኒቫል በዓል ላይ አና ጎሲ ከምትባል ልጃገረድ ጋራ ተዋወቀ። እስኪጋቡ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከየማረፊያው ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። በደብዳቤዎቹም ፍቅሩንና የሞተሩን ነገር አንድ ላይ ይነግራት ስለ ነበር፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ሥራው ከወር እስከ ወር እንዴት እንደ ሄደ ያወቁት ከነዚህ ደብዳቤዎች ነው። ምስኪኗ አና ስለ ፒስቶን ያነበበችውን ያህል ስለ ፍቅር አንብባ እንደ ሆነ እኛ እንጠራጠራለን።

የሞተር ፍቅር የገባበት እንዲህ ነው። በ1860 ዓ.ም. በፓሪስ የሚኖር ኤትየን ሌኗር የሚባል ሰው ለከተማ መብራት በሚያገለግለው የከሰል ጋዝ የሚሠራ ሞተር አውጥቶ ነበርና ጋዜጦች ሁሉ የእንፋሎት ሞተር ዘመን አለቀ እያሉ ይጽፉ ነበር። የሌኗር ሞተር ጋዝና አየር እስከ ምቱ አጋማሽ ይስባል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቃጥለዋል፤ ፍንዳታው ፒስቶኑን የቀረውን መንገድ ይገፋዋል። ሥራው ጸጥ ያለና ለዓይን የሚያምር ነበረ። ነገር ግን ጋዙ ሳይጨመቅ ስለሚቃጠል አብዛኛው ሙቀት ያለ ሥራ በከንቱ ይወጣ ነበር። የገዙትም ሰዎች የጋዝና የዘይት ሂሳብ ሲመጣባቸው ደነገጡ። ያማረ ሞተር መግዛትና ያማረውን ሞተር መቀለብ ሁለት ነገር መሆናቸውን ያን ጊዜ ተረዱ።

ኦቶ የዚህን ሞተር ወሬ እንደ ሰማ፣ የሌኗር ሞተር ከጋዝ ቧንቧ ጋራ ታስሮ ከከተማ እንደማይወጣ አስተዋለ። በጋዝ ፈንታ እንደ አልኮል ያለ ፈሳሽ ነዳጅ ወደ ተን ተለውጦ ቢገባበትስ ብሎ አሰበ። በ1861 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወንድሙ ከቪልሄልም ጋራ ሁኖ ለፕሩሲያ መንግሥት የፈጠራ መብት ማመልከቻ አቀረበ፤ ይህ ሞተር በገጠር መንገድ ላይ ተሽከርካሪ ለመንዳት እንደሚያገለግልም በማመልከቻው ላይ ጠቅሷል። ልብ አድርጉ፤ በዚያን ጊዜ መኪና የሚባል ነገር ገና በዓለም ላይ አልነበረም። መንግሥትም ማመልከቻውን ሳይቀበለው ቀረ።

ኦቶ ግን አልተወም። በኮሎኝ አንድ የብረት ሠራተኛ ይዞ የሌኗርን ሞተር የሚመስል ትንሽ ሞተር አሠራ። በዚህም ሞተር ሲሞክር ሳለ፣ የገባው ጋዝና አየር ከመቃጠሉ በፊት በፒስቶን ቢጨመቅ ፍንዳታው እጅግ የበረታ እንደሚሆን አየ። ይህ ዕውቀት የሥራው ሁሉ ሥር ነው። ወዲያው አራት ሲሊንደር ያለው የመጭመቂያ ሞተር አሠራ፤ ነገር ግን ፍንዳታው ከብረቱ አቅም በላይ ስለ ሆነ ሞተሩ በ1862 ዓ.ም. ከጥቂት ጊዜ ሥራ በኋላ ተሰባብሮ ቀረ። ገንዘቡ አለቀ፤ ከዘመድና ከወዳጅ የተበደረውም አለቀ። ስለዚህ የመጭመቁን አሳብ ለጊዜው ትቶ ሌላ መንገድ ያዘ።

በ1864 ዓ.ም. አንድ ቀን ኦይገን ላንገን የሚባል መሐንዲስ ወደ ትንሿ የሥራ ቤቱ ገባ። ላንገን የስኳር ፋብሪካ ባለቤት ልጅ፣ በካርልስሩኸ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ዕድሜውም ከኦቶ በአንድ ዓመት የሚያንስ ነበረ። ያየው ሞተር ገና ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ሆኖም ላንገን አሳቡ ገባው፤ ከአባቱም ከወዳጆቹም ገንዘብ ሰብስቦ በዚያው ዓመት በማርች ወር ኤን. አ. ኦቶና ኩባንያው የተባለውን ማኅበር ከእርሱ ጋራ አቆመ። ይህ ማኅበር በዓለም ላይ ሞተር ብቻ ለመሥራት የተቋቋመ የመጀመሪያው ፋብሪካ ነው ይባላል። ዛሬም ዶይትስ በሚል ስም በኮሎኝ ይገኛል።

ሁለቱ የሠሩት ሞተር እንግዳ ነገር ነበረ። ረጅም ሲሊንደር እንደ ምሰሶ ቆሞ፣ ፍንዳታው ፒስቶኑን ያለ ምንም ሥራ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ከዚያ ከሥሩ ያለው የተቃጠለ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ባዶ ቦታ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የውጭው አየር ፒስቶኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ፒስቶኑ ሲወርድ ከጥርሳም ዘንጉ ጋራ የተያያዘውን መንኮራኩር ያዞራል። ሲወጣ መንኮራኩሩን ለቆ ሲወርድ ብቻ እንዲይዝ የሚያደርገውን መሣሪያ የፈጠረው ላንገን ነው። ሞተሩ ሲሠራ መሬት ያንቀጠቅጣል፤ ዘንጉ እየተወረወረ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ጩኸቱም ብረት ቀጥቃጭ ቤት የገቡ ያስመስላል።

በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲደረግ ኦቶና ላንገን ይህን ሞተር ይዘው ሄዱ። በአጠገቡ የሌኗርና የሁጎን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ሞተሮች ነበሩ፤ ጸጥ ያሉ፣ የተወለወሉ፣ እንደ እንፋሎት ሞተር የተቀረጹ ናቸው። ዳኞቹ የጀርመኖቹን ረጅም ጫጫታ ሞተር አይተው ሊያልፉት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ከዳኞቹ አንዱ ፍራንስ ሮይሎ የሚባል መምህር ነበረ፤ እርሱም ላንገን በተማረበት ትምህርት ቤት የነበረ ወዳጁ ነው። ሮይሎ ሞተሮቹ ሁሉ ሥራ ላይ እያሉ የሚበሉት ጋዝ ሳይለካ ሽልማት ሊሰጥ አይገባም ብሎ ተከራከረ። አሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ ጋዙ ተለካ። በተለካ ጊዜ የኦቶና የላንገን ሞተር ለእኩል ሥራ የበላው ጋዝ ሌሎቹ ከበሉት ከግማሽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዳኞቹ ለማመን ቸግሯቸው እንደ ነበር ይነገራል። የወርቁ ሜዳይም ለጫጫታው ሞተር ተሰጠ።

በክፍላችን ስለዚህ ነገር ስንጨዋወት፣ ሮይሎ ለወዳጁ አድልቷል የሚሉ ጓደኞች ነበሩ። እኛ አይመስለንም። ዳኛው የጠየቀው ሽልማት ሳይሆን መለኪያ ነው፤ መለኪያው ደግሞ ለሁሉም አንድ ነበረ። ያ ጥያቄ ባይነሣ ግን ኦቶ ሁለተኛ ጊዜ ገንዘቡ አልቆ ወደ ሻይና ስኳር ንግዱ ይመለስ እንደ ነበር ብንገምት ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ከፓሪስ በኋላ ትእዛዝ ከየአገሩ መጣ። ኦቶና አና በ1868 ዓ.ም. ተጋቡ። ፋብሪካውም ከራይን ወንዝ ማዶ ወደ ዶይትስ ተዛውሮ በ1872 ዓ.ም. ትልቅ የአክሲዮን ማኅበር ሆነ። የፋብሪካውን ሥራ እንዲመራ ጎትሊብ ዳይምለር ተቀጠረ፤ ከእርሱም ጋራ ቪልሄልም ማይባኽ የሚባል ጎበዝ ንድፍ ሠሪ መጣ። ዳይምለር የተማረና የሠለጠነ፣ ግን ቁጡና ቃሉ እንዲሻር የማይወድ ሰው ነበረ፤ ኦቶም በራሱ ጥረት የበቃና ስለ ፈጠራው ቀናተኛ ነበረ። ሁለት ዶሮ አንድ ጓሮ ውስጥ እንደሚባለው ሆነ። ላንገን በመካከላቸው ሽማግሌ ሁኖ ዓመታት አሳለፈ።

ያን ጊዜ የቀድሞው ሞተር ከሦስት የፈረስ ጉልበት በላይ ለመስጠት አልቻለም፤ ከፍታውም ከአብዛኛው ቤት ጣሪያ ጋራ የሚጣላ ነበረ። ስለዚህ ኦቶ ከ14 ዓመት በፊት ተሰባብሮ የቀረውን የመጭመቅ አሳብ እንደገና አነሣው። ከቤት ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ በአፉ ላይ ወፍሮ ቀስ በቀስ በአየር ውስጥ ሲበተን አይቶ፣ በሲሊንደር ውስጥም ጋዙ ከብልጭታው አጠገብ ወፍሮ ወደ ፒስቶኑ እየሳሳ ቢሄድ ፍንዳታው እንደ ትራስ ይለዝባል ብሎ እንዳሰበ ይነገራል። በ1876 ዓ.ም. ሞተሩ ተሠርቶ ሄደ። ሥራውን የፊዚክስ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግመው ስለውልናል። ፒስቶኑ ሲወርድ አየርና ነዳጅ ይስባል፤ ሲወጣ ይጨምቃል፤ ብልጭታ ሲነካው ተቃጥሎ ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋል፤ እንደገና ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። ከአራቱ ምት ሥራ የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱ የዝግጅት ናቸው። በዚያን ዘመን የነበሩ ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ብክነት መሰላቸው፤ ነገሩ ግን የቁጠባ ሥር ነበረ።

ለምን እንደ ሆነ እኛም በሂሳብ ልናየው ፈለግን። የአራት ምት ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ቢበዛ ምን ያህሉን ወደ ሥራ ሊለውጥ እንደሚችል የሚያሳይ ቀመር በመጽሐፋችን አለ፤ ቀመሩ የሚጠይቀው አየሩ ስንት ጊዜ ተጨምቆ እንደሚያንስ ብቻ ነው። የኦቶ የ1876 ሞተር አየሩን ወደ ሁለት ተኩል እጅ ያህል ነበር የሚጨምቀው፤ ቀመሩም ከመቶ 31 ይሰጣል። ዛሬ በአሜሪካ ፎርድ የሚባለው ፋብሪካ ለከባድ ፒካፖቹ የሚሠራው ባለ 7.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር አሥር ተኩል እጅ ይጨምቃል፤ ቀመሩ ከመቶ 61 ይሰጣል። ይህ እንግዲህ በወረቀት ላይ ነው። በእውነተኛው ሞተር ከሙቀቱ ገሚሱ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ስለሚያመልጥ፣ በብረት ፍትጊያም ስለሚጠፋ፣ የኦቶ ሞተር ከወረቀቱ ቁጥር እኩሌታ ያህል ብቻ ነው ያገኘው፤ የዛሬውም የቤንዚን መኪና በተራ ጉዞ ከነዳጁ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ከሩብ አይበልጥም።

አዲሱ ሞተር በደቂቃ ወደ 180 ዙር ይዞር ነበር፤ ድምፁም ጸጥ ያለ ነው። በ1877 ዓ.ም. ቁጥሩ 532 የሆነ የጀርመን መንግሥት ፓተንት ተሰጠው። ሞተሩ በብዙ አገር ተሸጠ፤ በ1882 ዓ.ም. የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርት ላቋረጠው ሰው የክብር ዶክተር ማዕርግ ሰጠው። በዚያው ዓመት ዳይምለር ከፋብሪካው ወጣ፤ ማይባኽም ተከተለው፤ ሁለቱ በ1885 ዓ.ም. በቤንዚን የሚሠራ ትንሽና ፈጣን ሞተር ሠሩ። ኦቶ ራሱ ደግሞ በ1884 ዓ.ም. ብልጭታ የሚሰጥ የማግኔት መሣሪያ ስለ ሠራ፣ ሞተሩ ያለ ጋዝ ቧንቧ በፈሳሽ ነዳጅ ሊሠራ ቻለ። በ1861 ዓ.ም. በማመልከቻው የጻፈው ነገር ከ23 ዓመት በኋላ ተፈጸመ ማለት ነው።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች ለፓተንቱ ኪራይ መክፈል ስላልወደዱ የሚያፈርስበትን ምክንያት ይፈልጉ ነበር። በመጨረሻም አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ የሚባል ፈረንሳዊ በ1862 ዓ.ም. ባወጣው ትንሽ ጽሑፍ የአራቱን ምት ሥርዓት ገልጾ እንደ ነበር ተገኘ። ይህ ሰው ሞተሩን ከቶ አልሠራውም፤ ጽሑፉንም ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ኦቶም አንብቦት ነበር የሚል ማስረጃ አልቀረበም። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው አሳቡ አስቀድሞ ታትሞ እንደ ሆነ ነበርና፣ የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጃኑዋሪ 30 ቀን 1886 ዓ.ም. የፓተንቱን ዋና ክፍል ሻረው። በእንግሊዝ አገር ያሉ ዳኞች ግን ለኦቶ ፈርደውለት ነበር። የሚገርመው ደግሞ፣ ካርል ቤንስ በአራት ምት ሞተር ለምትሄደው ባለ ሦስት እግር መኪናው የፓተንት ማመልከቻ ያስገባው ከፍርዱ በፊት በነበረው ቀን በጃኑዋሪ 29 ነው።

ይህ ፍርድ ትክክል ነው ወይስ አይደለም በማለት በማታ ጥናት ሰዓት ብዙ ተከራክረናል፤ አንድ ቀንም የጥናቱ ተቆጣጣሪ መብራት አጥፍተውብናል። ሕጉን ስናይ ፍርዱ ትክክል ነው፤ የታተመ አሳብ የሁሉ ነውና። መኪናም ቶሎ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ማንም ሰው የአራት ምት ሞተር ሊሠራ በመቻሉ ነው። ይሁን እንጂ ሰውዬውን ስናይ፣ የተሰባበረውን ብረት እየለቀመ 14 ዓመት የጠበቀው ቦ ደ ሮሻ ሳይሆን ኦቶ ነው። የሞተሩ ሥርዓት ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ የኦቶ ዑደት ተብሎ መጠራቱ ፍርድ ቤት ያልሰጠውን ክብር መምህራን እንደ ሰጡት ያሳያል።

ኦቶ ግን በጉዳዩ እጅግ አዘነ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጃኑዋሪ 26 ቀን 1891 ዓ.ም. በኮሎኝ ሞተ፤ ዕድሜው 58 ነበረ። ልጁ ጉስታቭ በኋላ በሙኒክ የአውሮፕላንና የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ አቆመ፤ ይህም ፋብሪካ ቢኤምደብልዩ ለሚባለው ኩባንያ ከመነሻዎቹ አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ ከባዱ ፒካፕ እንመለስ፤ የኦቶ ሞተር ዛሬ ከሁሉ ይበልጥ የሚደክመው በእርሱ ውስጥ ነውና። በአሜሪካ ገበሬዎች፣ ግንበኞችና የመንገድ ሥራ ሰዎች የሚነዱት ይህ መኪና ባዶውን ሦስት ቶን ያህል ይመዝናል። ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የሞተሩም ስፋት ከ6 ሊትር ይበልጣል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ለክተው እንደሚናገሩት፣ ባዶውን በሜዳ አውራ ጎዳና ሲሄድ በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከባድ ተሳቢ ሲጎትት ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። 120 ሊትር የሚይዝ ቢሆን ባዶውን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደው ሰው፣ በማግስቱ ተሳቢውን ቀጥሎ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ማደያ መፈለግ ይኖርበታል።

የሚገርመው፣ ይህ ሞተር ባዶውን በቀስታ ሲሄድም ብክነት አለበት። የቤንዚን ሞተር ኃይሉ የሚቀነሰው የአየር መግቢያው በክዳን ሲጠብ ነው፤ ለሥራ ተብሎ የተሠራ ሰፊ ሞተር ጥቂት ኃይል ብቻ ሲጠየቅ፣ አፉን በእጅ እንደ ያዙት ሰው አየር ለመሳብ ይታገላል፤ ለትግሉም ነዳጅ ይበላል። ሲከብደው ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ሙቀቱ እንዳይበዛ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ይጨመርለታል። ፍጥነትም አለ፤ ከ90 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ቢል የአየሩ መግፋት በግማሽ ያህል ይበልጣል። በናፍጣ የሚሄደው ፒካፕ ይበልጥ ስለሚጨምቅና የመግቢያው አየር እንደ ቤንዚኑ ስለማይታነቅ በጭነት ጊዜ የሚቆጥብ ነው፤ የአንዱ ሊትር ናፍጣ ኃይልም ከቤንዚኑ ከመቶ ከ10 በላይ ይበልጣል። ነገር ግን የናፍጣው ሞተር ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ ጥገናውም እንዲሁ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተሳቢ የሚጎትት ሰው ቤንዚኑን ቢመርጥ ሞኝ አይባልም፤ ሂሳቡን ግን በሁለቱም መልኩ መሥራት አለበት።

ወረቀት በመስኮቱ ላይ ስለሌለ፣ ያለው መንገድ አንድ ነው። ሳልባትዮውን እስከ አፉ ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፤ ሥራን መሥራት፤ በዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፉ ሞልቶ የገባውን ሊትር ማየትና ማካፈል። በመሪው ፊት በመብራት የሚታየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ጥቂት ከፍ ይላል ይባላል፤ ደግሞም አንድ ጊዜ መለካት አይበቃም፤ ባዶውን፣ በጭነት፣ በዳገት፣ በነፋስም መለካት ያስፈልጋል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ያን ሾፌር በከተማ አግኝተነው ነበር። ስለ ኦቶና ስለ ፓሪሱ ዳኛ ስንነግረው ሳቀና ከመኪናው ሣጥን ውስጥ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ሦስት ገጽ ከፍሎ መጻፍ ጀምሯል፤ አንዱ ለባዶ፣ አንዱ ለሙሉ፣ አንዱ ለዳገት ነው። በዳገቱ ገጽ ላይ ከሁሉ በፊት የተጻፈው ቁጥር የእኛ ጉዞ ነው፤ በአጠገቡም ከጀሪካኑ የተቀዳው ሊትር ተመዝግቧል።